ንግር እና ንግርት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ ማሳያ

ንግር በልቦለድ ውስጥ ወደፊት ለሚከሰት ድርጊት አስቀድሞ ፍንጭ የመስጠት ብልሃት ነው። ብያኔው ግልጽ ቢመስልም በተግባር ሲፈተሽ ያወዛግባል። በተማሪዎች የሂስ ጽሑፎች ውስጥ ማንኛውም ሕልም፣ ማንኛውም የጉጉት ጩኸት በንግርነት ሲመዘገብ ይታያል። ይህ አካሄድ ንግርን ከንግርት ጋር ያደባልቃል። ንግርት የሚሆነውን በግልጽ የሚናገር ቃል ነው፤ ተናጋሪ አለው፣ ሰሚም አለው። ንግር ግን ስሙ «ነገረ» ከሚለው ግስ ቢመጣም፣ በተነበበበት ሰዓት ምንም የነገረን አይመስልም። ንግርነቱ የሚታወቀው ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ አንባቢው መለስ ብሎ ሲያስበው ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ለዚህ ልዩነት ጥሩ መፈተኛ ነው። ርእሱ ራሱ የታሪኩን ፍጻሜ ያውጃል። በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ታሪኩን ደግመው የሰሙ አድማጮችም መጨረሻውን እያወቁ ነው ያዳመጡት። ስለዚህ የልብ ሰቀላው ምንጭ «ምን ይሆናሉ?» የሚለው ጥያቄ አይደለም። ርእሱ ያልነገረን መንገዱን ነው፤ ንግሩም የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ውድነሽና ቦጋለ ልጃቸው በዛብህ ለእግዚአብሔር አገልግሎት እንዲሰጥ ይሳላሉ። አንባቢው ይህን እንደ ገጸ ባሕርይ ማስተዋወቂያ ብቻ ያልፈዋል፤ በጎጃም ገጠር ስእለት የተለመደ በመሆኑ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ሆኖም በዛብህን ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት የሚመራው ይኸው ስእለት ነው፤ ትምህርቱም ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስገብቶ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ያደርገዋል። ከዓለም እንዲያርቀው የተገባው ቃል ከፍቅር ደጃፍ አድርሶ ይጥለዋል። የጉጉቷን ጩኸት ከአንድ ልቦለድ ብናወጣ ድባቡ ይቀዘቅዝ እንደሆነ እንጂ ሴራው አይናጋም። ስእለቱን ከዚህ ልቦለድ ብናወጣ ግን ሁለቱ ወጣቶች የሚገናኙበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው አፈጻጸሙ ነው። በዛብህ ይሞታል፤ የምትመነኩሰው ሰብለ ወንጌል ናት። ስእለቱ ባልተሳሉባት ሴት ላይ ደረሰ። ደራሲው ይህን ዝምድና አጉልተው አለማስረዳታቸው፣ በሌሎች ስፍራዎች ማብራሪያ ማብዛታቸውን ለምናውቅ አንባቢዎች፣ የሚያስመሰግናቸው ነው። ንግርት ቢሆን ኖሮ በተባለው ሰው ላይ፣ በተባለው መንገድ ይፈጸም ነበር።

የጉዱ ካሣ ንግግሮች በአንጻሩ ወደ ንግርት ያደላሉ። ያረጀው ሥርዓት እንደማይዘልቅ በግልጽ ይናገራል፤ ሰሚዎቹ እንደ እብድ ቢቆጥሩትም። እነዚህን ንግግሮች የ1966ቱ አብዮት ንግር አድርጎ ማንበብ ያጓጓል። ነገር ግን አብዮቱ የልቦለዱ ድርጊት አይደለም፤ ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ ነገር የመጽሐፉ ንግር ሊባል አይችልም። በሴራው ውስጥ ንግግሮቹ የሚያዘጋጁን ለሌላ ነገር ነው፦ ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው እጅ ለሚማረኩባት ቀን።