ገመዱን ማን ጎተተው?

ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፉ አንድ አንጋፋ ደራሲ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ ተማሪዎችን እንደሚያነጋግሩና መጻፍ እንደሚያለማምዱ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ደራሲን በመጽሐፍ ጀርባ ፎቶግራፍ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ረቂቅ ይዞ ፊቱ የሚቆም ሰው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው ወር እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አንዱን ዝግጅት ተከታተልኩ።

የዕለቱ ርእስ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ደራሲው ጋፋት ላይ ስለ ተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ስለ መጎተቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን ስለ መምረጣቸው ሲተርኩ የሚያስል እንኳ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ አንደበታቸው ይጥማል።

ቅር ያሰኘኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ልምምድ ነው። «ስለ መቅደላው ጉዞ አንድ ገጽ ጻፉ» ተባለ። የተነበቡት ጽሑፎች ከአንድ እጅ የወጡ ይመስሉ ነበር፤ በ«ጀግናው ንጉሥ» ተጀምረው በሽጉጥ ድምፅ ያልቃሉ። አንዲት ልጅ ብቻ ከመድፉ ጎታቾች የአንዱን መዳፍ ጻፈች፤ ገመድ የላጠውን፣ ማታ ቂጣ መቁረስ ያቃተውን መዳፍ። ደራሲው አመስግነው ሲያበቁ፣ «ግን ልጄ፣ ይኼ ታሪክ ላይ የለም፤ ወደ ንጉሡ ተመለሺ» አሏት። ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀመጠች።

እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። መድፉ መጎተቱን ታሪክ ነግሮናል፤ የእያንዳንዱን ጎታች መዳፍ ግን አልመዘገበም። ታዲያ ልብ ወለድ እዚያ ካልገባ የት ሊገባ ነው? እርግጥ ደራሲ መቅደላን ወደ ጎንደር ሊያዛውር አይችልም። ልጅቷ ግን የታወቀውን አላፋለሰችም፤ ያልተጻፈውን ሞላች እንጂ። አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ብርሃኑ ዘርይሁን በ«የታንጉት ምስጢር» ወደዚያው ዘመን ተመልሰዋል፤ የኋለኛው መጽሐፉን የሰየመው በሴት ስም ነው። ደራሲ ማንን አስቀድሞ እንደሚያይ የመምረጥ መብት እንዳለው ለተማሪ ለማሳየት ይህ ብቻ በበቃ ነበር።

የሚገርመው፣ ከኚሁ ደራሲ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ስሟ ያልተጠቀሰ የአንዲት ወፍጮ ፈጪ ምዕራፍ ነው። እሷስ በየትኛው ዜና መዋዕል ላይ ተገኘች? በጽሑፋቸው የሚያደርጉትን በትምህርታቸው ከለከሉ።

ጉብኝቱ እንዲቀር አልሻም፤ እንዲያውም ይብዛ። የምለምነው ንግግሩ እንዲያጥርና ጥያቄው እንዲበዛ ነው። ገመዱ ከምን ተሠራ? ጎታቹ ምን በላ? ከየት አገር መጣ? ልጅቷ ይህን ብትጠየቅ ኖሮ ወይ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች፣ ወይ አያቷን ትጠይቃለች፤ ሁለተኛውንም ገጽ ትጽፋለች። ደራሲው ወደዚያ ትምህርት ቤት ከተመለሱ፣ አስቀድመው ያችን የታጠፈች ወረቀት ያስከፍቱልኝ።