ስለ መድፉና ስለ መንገዱ

ከልደታ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳል ቆሞ ያገኛል። በሰፈራችን በልደታ ያሉ ወጣቶች ስለ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ ሰምቼአለሁ፤ የሚያነሡት ይህንኑ መድፍና በመቅደላ የተተኰሰውን ሽጉጥ ነው። መድፉ ስላለፈበት መንገድ የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ሐውልቱም ወጋችንም ትልቁን ሥራ ትተው ትንሹን አንሥተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠሩትን መድፎች ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም በበቅሎ መንገድ አያልፍምና መንገዱን እየጠረጉ መሄድ ግድ ሆነ። ወታደሩ፣ አውሮፓውያኑ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችና ከሰፈሩ ጋራ የሚጓዘው ሕዝብ ቋጥኙን በባሩድ እየሰነጠቁ፣ ገደሉን እየደለደሉ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርደው ወጡ። መድፉን የሚስቡት ሰዎች በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። ጉዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ።

ንጉሡም ቆመው ብቻ አላዘዙም፤ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አነሡ። ከጠላት ጦር ጋራ የመጣው እንግሊዛዊው ክሌመንትስ ማርካም እንኳ በታሪክ መጽሐፉ መንገዱን አድንቋል። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በሚንቅ አገር ንጉሥ ድንጋይ መሸከሙ ታላቅ ትምህርት ነው፤ ይህን የማያከብር ሰው ፍርዱ የተጣመመ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግማሹን ብቻ ተናገረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን በገደል ላይ ዋለ? በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጥላ ነበር፤ የበጌምድርም ገበሬ ሸፍቶ ነበር። ስንቅ የሚያቀብል ወዳጅ አገር ስለ ጠፋ ሁሉን በጫንቃ ማጓዝ አስፈለገ። እንግዲህ ሕዝቡ የተሸከመው መድፉን ብቻ አልነበረም፤ የጠፋውን ፍቅር ዕዳ ጭምር ነበር እንጂ።

ፍጻሜውም ይህንኑ ያስረዳል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ሲደርስ ንጉሡ ያስጠረጉትን መንገድ አገኘ፤ ወደ ጅዳም በእርሱው ወረደ። እህሉንና መኖውንም በማርያ ቴሬዛ ብር ከየአገሩ ሰው ይገዛ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ የንጉሡ ጦር ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። መንገድ ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የሚለየው የሰው ልብ ነው፤ ያም ልብ አስቀድሞ ሸሽቶ ነበር።

«በጦርነት ጊዜ ሕዝብን ማሠራት ግዴታ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፣ አገር ሲጨነቅ ክንዱን የሚነፍግ ሰው አይመሰገንም። ዳሩ ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ሃምሳው በፈቃዱ ሲያነሣ ነው። በፍርሃት የሚያነሣ ሰው ሃምሳ ሆኖም ሸክሙ አይቀልለትም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገ በቢሮም ሆነ በእርሻ በሰው ላይ ትሾም ይሆናል። ያን ጊዜ ከቴዎድሮስ ድንጋዩን በእጅ ማንሣትን ተማር። ደግሞም የሚሠራልህ ሰው ቤቱ እንዳልተቃጠለበት፣ እህሉ እንዳልተዘረፈበት አስቀድመህ ጠይቅ። ወደ አደባባዩ በሄድህ ጊዜም መድፉን አይተህ ብቻ አትመለስ፤ ገመዱን የሳቡትን፣ ስማቸው ያልተጻፈላቸውን እነዚያን ሰዎች በልብህ ከጎኑ አቁማቸው።