አፀዱ የት አለ?

 

አፀድ ማለት የአትክልት ሥፍራ ነው። «አፀደ ሕፃናት» የሚለው ስያሜ ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት ማስተማሪያው ካወጣው ስም ጋር አንድ ትርጉም አለው። ፍሮብል ያሰበው ሕፃናት እንደ ችግኝ እየተኮተኮቱ፣ እየተጫወቱ የሚያድጉበትን ቦታ ነበር። ለማስተማሪያነት ያዘጋጀላቸውም መጽሐፍና ደብተር ሳይሆን ኳስና ከእንጨት የተሠሩ ልዩ ልዩ ቅርጾችን ነው።

ዛሬ በየከተማው «አፀደ ሕፃናት» የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለባቸው በሮች ጀርባ ግን ስሙ እንጂ ግብሩ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለመኖሪያ በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የ4 ዓመት ሕፃን ከጧት ጀምሮ ተቀምጦ ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የቤት ሥራ ተሸክሞ ይመጣል። ዛፍ የለም፣ አፈር የለም፣ ሩጫ የለም። ለመሆኑ አፀዱ የት አለ?

ጥፋቱን በባለትምህርት ቤቶች ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይሆንም። ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንግሊዝኛ ያስተምራሉ? ስንት ደብተር ይጽፋሉ?» ብሎ ነው። ባለትምህርት ቤቱም የተጠየቀውን ያቀርባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፀደ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና በአካባቢው ብሔረሰብ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል። ወረቀቱ አልጠፋም። የጠፋው ወረቀቱ በሥራ እንዲውል የሚጠይቅ ወላጅ ነው።

ጨዋታ ምን ያስተምራል?

ብዙዎቻችን ጨዋታን ከትምህርት የተሰረቀ ጊዜ አድርገን እናየዋለን። ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅ ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ፣ ከመሬት በመጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት እያነሳች ትቀልባለች። ይህች ልጅ ቁጥርን በእጇ እየተማረች ነው። ሰኞ ማክሰኞ የሚዘል ልጅ የቀናትን ቅደም ተከተል በእግሩ ያጠናል፣ ሚዛኑን መጠበቅም ይለምዳል። ጭቃ የሚያድቦለቡል ልጅ ነገ እርሳስ የሚይዙ ጣቶቹን ያጠነክራል። እንቆቅልሽ ያልመለሰ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል የአገር ስም ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ተራ መጠበቅን፣ አለማጭበርበርንና መሸነፍን መቀበልን ልጅ የሚማረው ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ነው። እኛ አኽላቅ ብለን በቃል የምናስጠናው ይህንኑ አይደለምን?

ዲናችንስ ምን ይላል?

በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ወንድሞቹ ዩሱፍን ሊወስዱት አባታቸውን ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ከእነርሱ ጋር ሄዶ እንዲጫወት ነበር። ነቢዩላህ የዕቁብ የሠጉት ከተኩላው እንጂ ጨዋታውን ነውር አላሉትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአነስን (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አባ ዑመይርን ይጫወትባት ስለነበረችው ትንሽ ወፍ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአሻንጉሊት ስትጫወት አልከለከሏትም። በሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ከጀርባቸው ላይ በወጣ ጊዜ፣ ሕፃኑ እስኪበቃው ድረስ ሊያቻኩሉት ስላልወደዱ ሱጁዳቸውን እንዳስረዘሙ ነሳኢ ዘግበዋል። ሰላትን ያህል ታላቅ ዒባዳ ለአንድ ሕፃን ጨዋታ ሲባል ከረዘመ፣ የፊደል ጥናታችን ግማሽ ሰዓት ቢያጥር ምን ይጎዳል?

ደግሞም ልጆችን በሰላት እንድናዝዝ የተነገረን 7 ዓመት ሲሞላቸው ነው። ቅጣት የተነሣውም 10 ዓመት ሲሞላቸው ነው። የሃይማኖት ምሰሶ የሆነው ሰላት እንኳ ይህን ያህል ከታገሠ፣ የ5 ዓመት ልጅ «ባ»ን ከ«ታ» አምታታ ተብሎ አለንጋ የሚነሣበት ከየት መጥቶ ነው?

የራሳችንም ቤት

ስለዚህ ሂሱ ወደ መድረሳችንም መዝለቅ አለበት። ብዙ ሕፃን ከአፀደ ሕፃናት እንደወጣ ምሳውን ጎርሶ ወደ መድረሳ ይሄዳል። እዚያም እስከ መግሪብ ይቀመጣል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ታሰረ ማለት ነው። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት) በኢሕያእ ላይ፣ ልጅ ከትምህርት በኋላ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ አስገንዝበዋል። ከጨዋታ ተከልክሎ ዘወትር ትምህርት ብቻ የተጫነበት ልጅ ልቡ እንደሚሞት፣ አእምሮው እንደሚደነዝዝና ማምለጫ ዘዴ መፈለግ እንደሚጀምር አስጠንቅቀዋል። ኢብን ኸልዱንም በሙቀዲማቸው፣ በጭካኔ የተማረ ልጅ ውሸትንና ስንፍናን እንደሚለምድ ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ከምዕራባውያን የተዋሱት ነገር የለም።

«አባቶቻችን በሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ተገርፈው ቁርአን ሐፍዘዋል፤ ምን ሆኑ?» የሚል መልስ ይሰማል። ክርክሩ ክብደት አለው፣ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን የገጠር ልጅ ለውሑን አስቀምጦ ሲወጣ የሚጠብቀው ሰፊ መስክ ነበር። ከጥጃና ከግልገል ጋር ይሮጣል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ወንዝ ዳር ጭቃ ያቦካል። ሸይኹ ጨዋታ ማስተማር አላስፈለጋቸውም፤ መስኩ ያስተምርላቸው ነበር። የዛሬው የከተማ ልጅ ግን የሚኖረው በኪራይ ክፍል ወይም በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም መድረሳውም ጨዋታ ከነፈጉት የሚቀሩለት ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ናቸው። እኛ የአባቶቻችንን ሰሌንና አለንጋ ወረስን፤ መስካቸውን ግን አልወረስንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታ ሲባል ልጅን ልቅ መልቀቅ አይደለም። መምህሩ አስቦ የሚያዘጋጀው ሥራ ነው። ሐርፎችን በባቄላ ፍሬ መሬት ላይ መደርደር፣ ውዱእን በጣሳ ውኃ በቅደም ተከተል መለማመድ፣ አጫጭር ሱራዎችን ክብ ሠርቶ ተራ በተራ መቀባበል ይቻላል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም፤ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ጭቃና ቁራጭ ጨርቅ ይበቃሉ። በመድረሳችን «ባ ከታች አንድ ነጥብ፣ ታ ከላይ ሁለት ነጥብ» እያልን በዜማ የምናስቀጥለውስ ቢሆን ወደ ጨዋታ የቀረበ ዘዴ አልነበረምን?

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ምዝገባ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ከክፍል ውጭ ይውላል? አንድ መምህር ስንት ሕፃን ይይዛል? ይመታሉ?» በሉ። ይህንኑ ጥያቄ ለመድረሳው ኮሚቴም አቅርቡ። ቁርአን ሲነሣ አለንጋ ትዝ የሚለው ልጅ እጁ ሲጠነክር ከሙስሐፉ መሸሹ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ልጁ ሳይሆን አማናውን የተረከብነው እኛ ነን።

አላህ ልጆቻችንን የዐይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ለእነርሱ የሚራሩ መምህራንንም ያብዛልን። አሚን።