በመንገድ ላይ የወደቀው ሰው
«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በአማኝ ዓይን

«አማኝ ወጣት ልብ ወለድ ቢያነብ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለው ጥያቄ በኅብረታችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። በደፈናው ከመመለስ ይልቅ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ ማየት ይሻላል። የመረጥሁት የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ቢሆንም ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናውቀው ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። እዚህ የማተኩረው በመጨረሻው ክፍል፣ በሰብለ ወንጌል ጉዞ ላይ ብቻ ነው።

ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አስተማሪዋ በዛብህ ግን የድኻ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ፍቅራቸው በአባቷ ቤት ቦታ የለውም። እሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷም በኋላ ማንነቷን ሰውራ ፍለጋውን ትከተላለች።

እኛ ጉለሌዎች ይህን መንገድ እናውቀዋለን። የጎጃም አውቶቡሶች በአዲሱ ገበያ አልፈው ወደ ሱሉልታ ሲወጡ በየቀኑ እናያለን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዛሬ በድልድይ ላይ እያንቀላፋን እናልፈዋለን። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ከደጋው ብርድ ወደ በረሃው ሙቀት ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሌላውን ዳገት መያዝ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ድካም ነው። ይህን ሳናስብ ካነበብን የሰብለ ውሳኔ ቀላል ይመስለናል። በአባቷ ስም ስትከበር የኖረች ልጅ ስሙንም ክብሩንም ትታ በገዛ እግሯ ትሄዳለች። እኔ እንደማነበው በመጽሐፉ ውስጥ ከፍቅር ንግግሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ እርምጃ ነው።

ስትደርስ ግን የምታገኘው በወንበዴዎች ቆስሎ ሊሞት የተቃረበውን በዛብህን ነው። እዚህ ላይ ደራሲውን የምተችበት ነገር አለኝ። መጽሐፉ በብዙ ገጾች ሁለቱን የለያያቸው የዘርና የማዕርግ ሥርዓት መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ በዛብህን የሚገድሉት ከዚህ ነገር ጋር የማይገናኙ ወንበዴዎች ናቸው። ድንገተኛ አደጋ የፊታውራሪዎቹን ጥፋት የሚያቀልለው ይመስላል።

ነገር ግን በሉቃስ ምዕራፍ 10 ያለውን ምሳሌ እናስታውስ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን ሰው የደበደቡት ወንበዴዎች እነማን እንደሆኑ ጌታችን አልነገረንም። የነገረን አይተው ስላለፉትና ስለ ቆመው ሰው ነው። በዚህ ዓይን ስናነበው የደራሲው አጨራረስ ይጠነክራል፤ በዛብህን በዚያ መንገድ ላይ ያስገኘው ያ ሥርዓት ነውና። በቤቱ ቢከበር ኖሮ ስደተኛ ባልሆነ ነበር። ወንበዴው የጨረሰው ሌሎች የጀመሩትን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መጽሐፉ የዘመኑን ካህናትና መኳንንት በብርቱ ይወቅሳል፤ ጉዱ ካሣም ለዚህ አንደበት ሆኗል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን በጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ላይ መወርወሪያ ድንጋይ ሲያደርጉት ሰምቻለሁ። ይህ ንባብ አይደለም። በምሳሌው አይተው ያለፉት የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ሳይሆኑ የአድማጮቹ የራሳቸው ቤተ መቅደስ አገልጋዮች ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። እኛ ስንጋባ የማንን ዘር፣ የማንን ኪስ እናያለን? «ቤተሰቡ አይመጥነንም» የሚለው ቃል በአማኝ ቤት አይሰማም? በዘማሪነቱ የወደድነውን ወጣት ልጃችንን ሲጠይቅ ፊታችን ይቀየራል?

የልብ ወለድ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው፦ የፊታውራሪን ቤት እያየን የራሳችንን ቤት እንድናይ ያደርገናል። ታሪኩን በትረካ የሰማችሁ ይህን ክፍል ከመጽሐፉ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በኅብረታችሁም ሰብለ ስለ ትታው የሄደችው ክብር ተነጋገሩ፤ ከዚያም እያንዳንዳችሁ ለወንድማችሁ ስትሉ የምትተዉት ክብር ምን እንደሆነ ተጠያየቁ።