ስለ ሠፈር ልማትና ስለ ዕድር የቀረበ ትችት

የአንድን ሠፈር ሕዝብ ኑሮ ለማሻሻል ተብሎ የሚወጣ ዕቅድ፣ የሠፈሩን ሰዎች እንዴት አድርጎ ይቈጥራቸዋል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንን ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር አልሄድንም። ከኮሌጃችን በር ወጥተን፣ የሚያዝያ 27ን ሐውልት ወደ ኋላ ትተን፣ በራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ ስንሄድ በየቀኑ የምናየው ይበቃናል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዱን አስፍቶታል፤ የእግረኛ መሄጃው ንጹሕ ሆኗል፣ መብራቱ በዝቷል። በፊት ጭቃ እየዘለልን የምናልፍበት ቦታ ዛሬ ደረቅ እግር ይዘን እንሄድበታለን። ይህንን መካድ አይገባም፤ አንክድምም። ነገር ግን መንገዱ ዳር የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልሱን ከመንገዱ ስፋት ሊያገኘው አይችልም።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ለጥናታችን ያዘጋጀነው መጠይቅ አርባ ያህል ጥያቄዎች ነበሩት። ቤቱ ስንት ክፍል ነው፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ ውሃው የግል ነው ወይስ የጋራ ቦኖ፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ ነው፤ እያልን ስንጽፍ ዋልን። ከፒያሳ ጀርባ ከነበረ ሠፈር ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ አንዲት እናት ጥያቄያችንን ሁሉ በትዕግሥት ሲመልሱልን ቈይተው፣ በመጨረሻ «ልጆቼ፣ ይኼን ሁሉ ስትጠይቁኝ ብሞት ማን እንደሚቀብረኝ አልጠየቃችሁኝም» አሉን። አዲሱ ቤታቸው ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው፤ ውሃው ከቤት ውስጥ ይወርዳል፣ መጸዳጃውም የራሳቸው ነው። በመጠይቃችን መሠረት ኑሯቸው ተሻሽሏል። እርሳቸው ግን ስለ ቤቱ ምስጋና ከነገሩን በኋላ ያወሩልን ስለ ዕድራቸው ብቻ ነው። መጠይቁን ይዘን ስንመለስ በታክሲ ውስጥ ብዙ አልተነጋገርንም።

ዕድር ለአንባቢያችን አዲስ ነገር ባይሆንም፣ የሚታወቅ ነገር ሳይመረመር ስለሚቀር ጥቂት ዘርዘር እናድርገው። ዕድር መዋጮ ብቻ አይደለም። አባሉ በየወሩ የሚከፍላት ገንዘብ በጣም ትንሽ ናት። ዋናው ነገር ጉልበትና ጊዜ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ማለዳ በየመንደሩ ይዞራል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳሕኑ ከዕቃ ቤት ይወጣል፤ ወንዶቹ ሬሳ ይሸኛሉ፣ ሴቶቹ ወጡን ይሠራሉ፤ ሐዘንተኛው እስከ ሠልስቱ ድረስ ብቻውን አይቀርም። የቀረ አባል ይቀጣል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባላቱ ይመረጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንቡ ይጻፋል፤ ሒሳቡ በስብሰባ ላይ ይነበባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በእግር በሚደረስበት ርቀት ነው። ጥሩምባው የሚሰማበት ቦታ የዕድሩ ወሰን ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የጀመርነው እኛ አይደለንም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ በአገራችን ስላለው የመረዳዳት ልማድ ጽፈዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ዓለማየሁ ሰይፉ በዚያው መጽሔት የአዲስ አበባን ዕድር ለይተው አጥንተዋል። በዚያን ዘመን መንግሥትም «ሕዝባዊ ኑሮ ዕድገት» የሚል ስም ያለው ሚኒስቴር ነበረው። በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው የሚገባ መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሰው ከራሱ ኪስ አውጥቶ መንገድ ለማሠራት የሚያውቅበት አገር፣ ልማት ከውጭ ብቻ የሚመጣለት አገር አይደለም። እኛ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጣነው ተማሪዎች «በጎ አድራጎት» የሚለውን ቃል ገና በልጅነታችን ተምረናል፤ በዚያ ቃል ውስጥ ሰጪ አለ፣ ተቀባይም አለ። በዕድር ግን ዛሬ የሚሰጠው ነገ ይቀበላል፤ ስለዚህ ማንም አንገቱን አይደፋም። ይህንን ልዩነት ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ያለፈውን ሁሉ እያወደስን ነው እንዳይባልብን ግን ስለ አሮጌዎቹ ሠፈሮች እውነቱን መናገር ይገባናል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ለቀበሌዎች ተሰጡ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ለድኃው ትልቅ እፎይታ ሆነ። ነገር ግን በዚያች ኪራይ ጣራ ማደስ አይቻልም ነበር። ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ቤት አያድስም፣ ቢፈልግም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቤቶቹ ዓመት በዓመት እየዘመሙ፣ መጸዳጃው እየሞላ፣ ልጅ በልጅ ላይ እየተጨመረ ሄደ። በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል የነበሩት እንደ ሠራተኛ ሠፈርና እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ መንደሮች ጠረናቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ «እንደነበሩ ይቅሩ» ማለት ቀላል አይሆንለትም። ይህንን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያልኖረ ሰው ነው።

ሠፈርን ማንሣትም ከኮሪደር ልማት ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የባሻ ወልዴ ችሎት ሠፈር ከአራት ኪሎ አፍንጫ ሥር ነበር፤ ስሙም እንደሚያመለክተው ባሻ ወልዴ የሚባሉ ሰው ችሎት ያስችሉበት የነበረ ቦታ ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በከተማው የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ቤት ለብዙ ሰው መጠለያ ሆኗል፤ ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ለሕንፃዎቹ የጋራ መገልገያ ቤት መሠራቱ፣ ማለትም በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት ስፍራ መታሰቡ፣ የዕቅዱ አውጪዎች ስለ ሰው አኗኗር ጨርሶ አላሰቡም ለማለት አያስደፍርም። ነገር ግን ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ አድልዎ እንዳይኖር የተፈለገ ጥሩ መሣሪያ ሲሆን፣ ጎረቤትን አያውቅም። አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ለአንዱ ስልክ የሚደውል ዘመድ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ትችታችን እምብርት ደርሰናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬቱን ለሚለቅ ሰው የሚከፈለውን ካሣ የወሰነው በዋናነት በመሬቱ ላይ ባለው ንብረትና ቦታውን ለማሻሻል በወጣው ወጪ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 አንድ አዲስ ነገር ጨመረ፤ ይኸውም በመነሣቱ ምክንያት ማኅበራዊ ትስስሩ ለተቋረጠበትና የሞራል ጉዳት ለደረሰበት ሰው ካሣ እንዲከፈል ነው። ይህ አዋጅ በኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ የሐሳቡን መግባት እኛ እንደ ትልቅ እርምጃ እንቈጥረዋለን። ሕግ ጎረቤትን በስም ጠራ ማለት ነውና። ብዙ አገሮች ይህንን አላደረጉም።

ነገር ግን ሐሳቡን ከተቀበልን በኋላ አሠራሩን ስንመረምረው አንድ ስሕተት እናገኛለን። ካሣው የሚከፈለው ለግለሰቡ ነው። የተቋረጠው ግን የግለሰቡ አይደለም። መቶ አባል ያለው ዕድር ቢበተን፣ ለመቶው ሰው ለየብቻ ገንዘብ በመስጠት ዕድሩን ማቆም አይቻልም፤ አንድ ድልድይ ሲፈርስ ድንጋዩን ለተሻጋሪዎቹ እንደ ማካፈል ነው። አባሉ የሚያገኘው ብር ለጊዜው ይጠቅመዋል፣ ዕቃ ይገዛበታል፣ ያልቃል። ዕድሩ ግን ድንኳኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የሚሰበሰብበት አዳራሽና በአንድ ጥሩምባ የሚነቁ አባላት ያስፈልጉታል። እነዚህን በብር መልክ ለየቤቱ ማከፋፈል አይቻልም። የትስስር ካሣ መኖሩ መልካም ሆኖ ሳለ፣ መበተኑን ሕጋዊ ዋጋ ያወጣለት እንዳይመስል እንፈራለን። ዋጋ የወጣለት ነገር ደግሞ ይገዛል።

በዚህ ላይ የሚነሣብን ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህንን ጽሑፍ በረቂቅ አንብበው «ዕድር በሄደበት ይበቅላል፤ ኮንዶሚኒየሞቹን እዩ፣ ገና ነዋሪው ሳይገባ ዕድር ይቋቋማል» አሉን። እውነት ነው። አዲሶቹ ሠፈሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ዕድር አላቸው፤ ይህም የሕዝቡን ብርታት ያሳያል። ነገር ግን አዲስ ዕድር የመግቢያ ገንዘብ ያስከፍላል። ለወጣቱ ይህ ቀላል ነው። ሠላሳ ዓመት የከፈለች አሮጊት ግን የሠላሳ ዓመት መዋጮዋን አሮጌው ሠፈር ላይ ትታ እንደ አዲስ ገቢ ትቈጠራለች። ብዙዎቹ ስለዚህ አሮጌውን ዕድራቸውን አይለቁም፤ እንደ ቦሌ አራብሳ ካለ ሩቅ ሠፈር ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ለቀብር ይመጣሉ። የታክሲው ወጪ ከወር መዋጮው ይበልጣል። ጉልበት ሲያንስ መቅረት ይመጣል፣ መቅረት ቅጣት ያመጣል፣ ቅጣቱ ሲበዛ ስም ከመዝገብ ይሰረዛል። ከላይ ያነሣናቸው እናት የሚፈሩት ይህንን ነው።

ዕድርም ራሱ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ከሁሉ የደኸየው ሰው፣ መዋጮውን መክፈል ያቃተው፣ ከዕድር ውጭ ይቀራል፤ የቤት ሠራተኛዋና በየደጁ የሚተኛው ልጅ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። ለቀብር የሚውለው ገንዘብ ለሕያዋን ቢውል ይሻል ነበር የሚል ነቀፋም ከድሮ ጀምሮ አለ። በዚህ በኩል ዕድሮች ሊለወጡ እንደሚችሉ ግን ታይቷል፤ በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ በሽታ ቀብሩን ባበዛ ጊዜ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ቀባሪነታቸውን ሳይተዉ የታመመን ወደ ማስታመምና የሙት ልጆችን ወደ መርዳት ተሻግረዋል። ከማንም ዕቅድ ቀድመው የሞቱን ቍጥር ያወቁት እነርሱ ነበሩ፤ መዝገቡ በእጃቸው ነበርና።

ታዲያ ሌላ መንገድ ነበር ወይ? በዚህችው ከተማ ነበር። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቀበሌዎች የጀመሩት የተቀናጀ የከተማ ልማት ሥራ ነዋሪውን ሳያነሣ፣ ቤቱን እዚያው እያደሰ፣ መጸዳጃና የውስጥ መንገድ እየሠራ፣ ጤናንና ሥራን አብሮ እየያዘ የሄደ ነው። ዋናው ቁም ነገር ነዋሪዎቹ ራሳቸው በሥራው መግባታቸው ነው። ይህ ዓይነት ሥራ ቀስ ይላል፤ ፎቶግራፉም አያምርም። መሬቱ ውድ በሆነበት በከተማው መካከል ሁሉንም ሠፈር በዚህ ዓይነት ማደስ ይቻላል ብለን አንከራከርም። መንገድ የሚያልፍበት ቤት መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን መነሣትና መበተን አንድ አይደሉም፤ ዕቅዶቹ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ስለሚያዩ ነው የምንተቻቸው።

ሠፈር ሊነሣ ሲል በመጀመሪያ የሚመዘገበው ቤት ነው። ከቤቱ መዝገብ ጎን የዕድሮቹ መዝገብ ይቀመጥ። የዕድር ጸሐፊው የማያውቀው አባወራ በመንደሩ የለም፤ ማን ከማን ጋር ቢሄድ እንደሚሻል የሚያውቅ መሐንዲስ ግን የለም። አንድ ዕድር የሚሄድበት ሕንፃ ወይም ተቀራራቢ ሕንፃዎች ይመደቡለት፤ ዕጣው ከዚያ በኋላ ለፎቁና ለክፍሉ ይውጣ። አድልዎ ይገባል የሚል ስጋት ካለ፣ ዕጣው በሕዝብ ፊት ለየዕድሩ ይጣል። የትስስሩ ካሣ የተወሰነው ክፍል ለዕድሩ በማኅበርነቱ ይሰጥ፤ ለድንኳን ማስቀመጫና ለስብሰባ የሚሆን አንድ ክፍል ከምድር ቤት ይለቀቅለት። ይህ ከመንገዱና ከሕንፃው ወጪ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም።

እኛም መጠይቃችንን አሻሽለነዋል። የቤት ክፍል ብዛት የሚጠይቀው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሄዷል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሁን ያሉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ የየትኛው ዕድር አባል ነዎት፣ ከቤትዎ ወደዚያ በእግር ስንት ሰዓት ይሆናል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ቀብር ላይ መድረስ አልቻሉም። መልሱን በሚቀጥለው እትም ለማቅረብ አስበናል፤ እናታችንንም ተመልሰን ልንጠይቃቸው ቃል ገብተናል።