መውጣት ይቀድማል ወይስ መቅረብ? ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እንደገና ማንበብ

ስለ መንፈሳዊ ዕድገት በየስብከቱም በየጽሑፉም የምንሰማው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ አማኙ በጸሎትና በንባብ ወደ እግዚአብሔር ይቀርባል፣ ልቡ ይጸናል፣ ከዚያም ለእምነቱ በአደባባይ ይቆማል። ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 የጻፈውን ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ረጋ ብሎ ላነበበ ግን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። በገድሉ ውስጥ ባለታሪኳ አስቀድማ ትወጣለች፤ ወደ እግዚአብሔር መቅረቧም በመውጣቷ ውስጥ፣ ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜም ሳትፈልገው ይመጣል።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከባላባት ወገን ተወልዳ የአፄ ሱስንዮስን ባለሟልና የጦር አለቃ መልክዐ ክርስቶስን አገባች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ። መጀመሪያ ከቤቷ ስትሸሽ ባሏ ወታደር አስከትሎ የተጠለለችበትን አገር ስላስዘረፈ፣ ለሰዎቹ አዝና ተመለሰች። ቁርጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1617 ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ጦር ተገደሉ፤ ገድሉ እንደሚለው የሟቹ ልብሰ ጵጵስና በመልክዐ ክርስቶስ እጅ ተገኘ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በአንድ አልጋ መተኛት አልቻለችም። በዚህ ጊዜ በእጇ የነበረው ይኸው እንቢታ ብቻ ነው፤ ራእይም ቃል ኪዳንም ገና አልተሰጣትም። ስትመነኩስም ተመስጦ አልጠበቃትም። በእመቤትነት ያደገች ሴት እንደ ገረድ ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም እናያታለን። ደራሲው በዚህ ድካም ላይ መቆየት ይወዳል፤ ለእኔም ከገድሉ ተአምራት ይልቅ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው መውጣት ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ መጀመሪያ የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበለ በኋላ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በዋልድባ ገዳም ተጠግታ ከቆየች በኋላ በጸለምት ሕዝቡ አዲሱን እምነት እንዳይቀበል፣ የንጉሡም ስም በቅዳሴ እንዳይጠራ ማስተማር ጀመረች። ለፍርድ ቀረበች፤ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ፤ በመጨረሻም ዠበይ ወደተባለ በረሃ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። የገድሉ ማዕከል የሆነው ራእይ እዚህ፣ በግዞት ላይ ይመጣል። ክርስቶስ ተገልጦ ነፍሳትን እንደሚሰጣት ሲነግራት ደስ አላላትም፤ ራሷን ያላዳነች፣ ጭቃ የሆነች፣ ሌላውን እንዴት ታድናለች ብላ ተከራከረች። የተሰጣት መልስ ጭቃም ከጭድ ጋር ሲለወስ ጠንክሮ እህል ይይዛል የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ቅርበቱ የተገለጠላት ለብቻዋ የምታጣጥመው ጸጋ ሆኖ ሳይሆን ሌሎችን የመያዝ ሸክም ሆኖ ነው። ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበሮች የመጀመሪያው የተቋቋመውም እዚያው ዠበይ ላይ ነው።

በዚህ ንባብ ላይ የሚነሣው አንደኛው ተቃውሞ ከራሱ ከገድሉ የሚመዘዝ ነው። ደራሲው ገና ሳትወለድ ትንቢት እንደተነገረላት ይጽፋልና ምርጫው መውጣቷን ቀድሟል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ትንቢቱን የሚያውቁት ተራኪውና አንባቢው ናቸው። እርሷ ባሏን ስትተው በዚያ ተማምና ስትራመድ አናይም፤ በዠበይ ያነሣችው ክርክርም ትንቢቱን ለያዘች ሴት አይመጥንም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ገድል የምስጋና ጽሑፍ ነው፤ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ በራሷ ወገን ተጽፎ እንደምን ማስረጃ ይሆናል? ገድሉ የተአምራቱን እውነትነት ሊያረጋግጥልን አይችልም፤ እኔም አልጠይቀውም። የምጠይቀው ማኅበሩ ቅርበትን እንዴት ይረዳው እንደነበር ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም። ለሙገሳ ብቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ወለተ ጴጥሮስ ልጆቿ እግዚአብሔርን ደስ የማያሰኙ ከሆነ እንዲወሰዱ መጸለይዋን ያስቀረው ነበር። የዛሬ አንባቢ በዚህ ጸሎት ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው፤ ገላውዴዎስ ግን አልሸፈነውም።

ነገሩ የፖለቲካ እንቢታ ነው የሚሉም አሉ። የዘመዶቿ ክብርና ሥልጣን ንጉሡ እንዳይገድላት እንደረዳት ከገድሉ መረዳት ይቻላልና ድፍረቷ ጋሻ ነበረው፤ ተራ ገበሬ ሴት እንዲሁ ተናግራ በግዞት ብቻ ባላለፈች። ይህን ሳይቀበሉ ስለ እምነቷ መጻፍ ታሪክን ማሳነስ ነው። ነገር ግን ጋሻው ከሞት ቢያድናትም መፍጨቱን አያስረዳም። የባላባት ልጅ ፖለቲካዋን ውኃ ሳትቀዳም ማካሄድ ትችል ነበር።

ከሁሉ የሚያከራክረው የተባሕትዎ ጥያቄ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያናችን በዋሻና በበረሃ ብቻቸውን የኖሩትን ታከብራለች፤ ታዲያ ቅርበት በሰው መካከል ይገኛል ማለት እነርሱን መንቀፍ አይሆንም? ወለተ ጴጥሮስ ራሷም ብቸኝነትን ትመኝ ነበር፤ ወደ ዋልድባ የሄደችውም በዚሁ ናፍቆት ነው። ገድሉ ናፍቆቷን አይነቅፍም፤ ሳይፈጸምላት እንደቀረ ብቻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ የምትታገለው አሳዳጅ አልነበረም፤ ይሁንና ፀጥታ አላገኘችም። ተከታዮቿ በዙ፤ ወረርሽኝ ሲነሣ ማኅበሩን ከቦታ ቦታ ማዛወር፣ ቀለቡንም ማሰብ የእርሷ ድርሻ ሆነ። አንዱ የኔ ነው እንዳይል፣ ሁሉም በጋራ እንዲበላና እንዲለብስ ሥርዓት ሠራች፤ ባልንጀራዋ መነኩሲት እኅተ ክርስቶስም ከአጠገቧ አልተለየችም። እ.ኤ.አ. በ1642 እስክታርፍ ድረስ ኑሮዋ ይኸው ነበር። ገላውዴዎስ ብዕሩን ሲያነሣ ስደቱ ካበቃ አርባ ዓመት ሆኖታል። አንባቢዎቹ ንጉሥን እንቢ የሚሉበት አጋጣሚ አልነበራቸውም፤ ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር እንጂ፤ የመጽሐፉ ሰፊ ክፍልም ስለዚያ ማዕድ ነው።