የሐሰን ፈትሂ ቤቶችና እምቢ ያሉት ነዋሪዎች

ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሂ (1900–1989 እ.ኤ.አ.) ዕድሜውን ለድኻው መኖሪያ ማዋሉ ደጋግሞ ተወድሶለታል። ውዳሴው የሚገባው ነው። ሂሱ ግን ገና በቅጡ አልተነገረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብረትና እንጨት ከገበያ ሲጠፋ ፈትሂ ፊቱን ወደ ጭቃና ጭድ መለሰ። ያስቸገረው ጣሪያው ነበር። መላውን ያገኘው ከአስዋን አካባቢ ከመጡ የኑቢያ ግንበኞች ነው። እነዚህ ሰዎች ጡቡን ወደ ግድግዳው ዘመም እያደረጉ፣ አንዱን ቅስት በሌላው እያስደገፉ፣ ያለ አንዳች የእንጨት ድጋፍ ጣሪያ ያወጣሉ። የእኛ ጭቃ ቤት አጽሙ እንጨት ነውና ይህ ጥበብ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ብቃቱም ተለክቷል። በ1964 ካይሮ ውስጥ በተደረገ ሙከራ በጭቃ ጡብ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት በቀንና ሌሊት መካከል ከ2 ዲግሪ በላይ አልተለዋወጠም፤ ተገጣጣሚው የኮንክሪት ቤት ግን እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር ያዘገያል፤ «መልቀፍ» የሚባለው ነፋስ ማጥመጃ ደግሞ ከጣሪያ በላይ ያለውን ንጹሕ አየር ወደ ክፍሉ ይስባል። ለዚህ ሁሉ ኤሌክትሪክ አላሻም።

ታዲያ አዲሱ ጉርና ስለ ምን ነዋሪ አጣ? በ1940ዎቹ አጋማሽ የጥንታውያን ቅርሶች መምሪያ በሉክሶር ምዕራብ፣ በመቃብሮች ላይ ይኖሩ የነበሩትን ወደ 7000 የሚጠጉ ሰዎች ለማዛወር ቆርጦ መንደሩን ፈትሂ እንዲነድፍ አዘዘው። እርሱም መስጊድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቲያትር ቤት ሳይቀር ነደፈ። የተሠራው የዕቅዱ ጥቂት ክፍል ነው፤ አብዛኛው ነዋሪም አልገባም። አንዳንድ ተቺዎች ሰበቡን በጉልላቱ ላይ ይጥላሉ፤ ለአካባቢው ሰው መቃብር ያስታውሰዋል ይላሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይረካም። የጉርና ሰው እንጀራው ከኮረብታው ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ቅርስ ይሸጥ፣ ጎብኚ ይመራ፣ በቁፋሮ ይቀጠር ነበር። ኮረብታውን ልቀቅ ማለት መተዳደሪያህን ልቀቅ ማለት ሆነበት።

ፈትሂ በ1969 ካይሮ ላይ ባሳተመው የጉርና መጽሐፉ ቢሮክራሲውን አምርሮ ይከሳል፤ ክሱም እውነት አለው። እንደ ተውኔት ሳነበው ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ አርክቴክቱ፣ ባላንጣው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መንደርተኞቹ የሚናገሩት ቃል እጅግ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስለ ክፍሎቹ አቀማመጥ እንዲማከር የተሟገተ ሰው፣ መዛወሩ ራሱ ያልተመከረበት መሆኑን እንደ ተራ ነገር አልፎታል። የድርሰቱ ስንጥቅ እዚህ ላይ ነው።

በኸርጋ በረሃ የጀመረው የባሪስ መንደርም በ1967ቱ ጦርነት ሳቢያ ተቋረጠ። ለድኻ የተጠናው ቅስትና ጉልላት ኋላ የባለጸጎች ቪላ ጌጥ ሆነ። አሮጌው ጉርና ከ2006 ጀምሮ በመንግሥት ሲፈርስ ነዋሪዎቹ የተወሰዱት ፈትሂ ወደ ሠራላቸው መንደር ሳይሆን ወደ ሌላ አዲስ ሰፈር ነበር።